ጉረኛው ካፒቴንና ዓይነ አፋሩ አፍቃሪ በባሕር ዳር መድረክ

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የምንገኝ ጥቂት የቲያትር ወዳጆች፣ በጥንታዊው የጣሊያን የጭምብል ኮሜዲ ስልት፣ ጉረኛ ወታደርና ዓይነ አፋር ወጣት ለአንዲት ልጅ ሲፎካከሩ የሚያሳይ አጭር ተውኔት እያዘጋጀን ነው። ታሪኩን በጣሊያን ከተማ እንተወው ወይስ ወደ ጣና ዳር እናምጣው? ጉረኛው ሲፎክር ተመልካቹ ከልቡ እንዳያጨበጭብለትም ሰግተናል።

መልስ 1፦ እዚያው ጣሊያን ይቆይ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስፔን ሰፊውን የጣሊያን ክፍል ትገዛ ስለነበር፣ ሕዝቡ ረጅም ሰይፍ ታጥቆ የሚደነፋውን፣ ኮሽ ሲል ግን እግሬ አውጪኝ የሚለውን ካፒቴን እያየ የሚስቀው በገዢዎቹም ጭምር ነበር። ጭብጨባውን አትፍሩት፤ «ዘራፍ!» ብሎ ሳይጨርስ ውሻ ሲጮህ ከበርሜል ጀርባ ቢወሸቅ፣ ፉከራ የሚያውቅ ተመልካች ከማንም ቀድሞ ይስቃል።

መልስ 2፦ በቦታው እንኳ አልስማማም። ተዋንያኑ የታሪኩን አጽም ብቻ ይዘው ቃሉን መድረክ ላይ ይፈጥሩ ስለነበር፣ ወደ ጣና ማምጣቱ ከስልቱ አያስወጣችሁም። ይበልጥ የሚያሳስበኝ አፍቃሪው ነው፤ በነባሩ ስልት አፍቃሪዎች ጭምብል የማያደርጉ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰዎች ናቸው። የእናንተው ዓይነ አፋር ከሆነ ፊቱ ይናገርለት፤ ልጅቱ «ምን ፈለግህ?» ስትለው የጋቢውን ጫፍ እየጠቀለለ የዓሣ ዋጋ ይጠይቃት።

ጠያቂው፦ እናመሰግናለን፤ ዓሣውን ወስደን ታሪኩን ጣና ዳር አድርገነዋል። ካፒቴኑን የሚጫወተው ባልደረባችን ግን መሸሽ ለእኔ አይመጥንም ብሎ አስቸግሮናል።