የአባቴን ቢ.ኤስ.ኤ. ሞተር ሳይክል ለመሸጥ፦ ቀለም ላስቀባው ወይስ እንዳለ ይሁን?

ጠያቂ (ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ)፦ አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 የሚባለው አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሉ ሸራ ለብሶ ግቢያችን ቆሟል፤ ወንድሜ በየሳምንቱ ስለሚያስነሳው ይሠራል። የጣና እርጥበት ግን ጭስ ማውጫውን አዝጎታል፣ የነዳጅ ጋኑም ቀለሙ ተልጧል። ደላላው «ቀይ ቀብታችሁ አምጡት» ይላል። ልስማው? ሊብሬውም ገና በአባቴ ስም ነው።

የጋራዥ ሰው፦ እህቴ፣ ቀለሙን አትንኪው። ኤም 20 ከ1937 እስከ 1955 (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጦር ሠራዊት ወደ 126,000 ገደማ ቀርቧል። አሮጌ ሞተር የሚሰበስብ ሰው የሚፈልገው ያንኑ የተላጠውን የመጀመሪያ ቀለም ነው። ዝገቱን ዘይት በነካ ጨርቅ ጥረጊው፣ በቃ። ቡሎኖቹንም በሚሊሜትር ቁልፍ እንዳያስፈቱት፤ የእንግሊዝ መለኪያ ስለሆኑ ጠርዛቸው ይበላል።

ሌላ አስተያየት ሰጪ (ከባሕር ዳር፣ ፔዳ ሰፈር)፦ አልስማማም። እዚህ የሚገዛው ለሠርግ ፎቶ የሚያከራይ ሰው ነው፤ እሱ የሚያብለጨልጭ ይፈልጋል።

የጋራዥ ሰው፦ ከፈለገ ገዝቶ ይቀባዋ! የተቀባውን መመለስ ነው የማይቻለው።

ጡረተኛ ሾፌር፦ ልጄ፣ ገዢ ሲመጣ ሞተሩን ቀድማችሁ አታሙቁት፤ ይጠረጥራል። ካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ጉጥ ቤንዚን እስኪያንጠባጥብ ተጭናችሁ፣ በፊቱ በቀዝቃዛው አስነሱት። «ልሞክረው» ካለ ደግሞ ንገሩት፦ ማርሹ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው። የዛሬ ልጅ ፍሬን የያዘ መስሎት ማርሽ ይቀይራል። የማስነሻ ቁልፍ የሚባልም የለውም፣ የረገጠው ሁሉ ይዞት ይሄዳል፤ ገንዘቡን ሳትይዙ አታስጋልቡ።

ጠበቃ፦ ከቀለሙ በፊት ወረቀቱ። ሊብሬው በሟች ስም እያለ የሽያጭ ውል አይጸድቅላችሁም። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ፤ ወንድምሽ ወይ ይፈርም፣ ወይ ውክልና ይስጥሽ። እናታችሁ ካሉ ደግሞ የጋራ ሀብት ድርሻ ሊኖራቸው ይችላል። አባትሽ በሕይወት ሳሉ ለሰው በሰጡት ውክልና እንሽጠው የሚል ካለ አትስሚው።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ዛሬ የሻንሲውን ቁጥር ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ ጠርገን አየነው። ብረቱ ላይ 3 የሆነው አኃዝ ሊብሬው ላይ 8 ተብሎ ተጽፏል።

ጠበቃ፦ እንግዲያው ሽያጩን ለጊዜው አቁሚው። መንገድ ትራንስፖርት አቅርባችሁ አስመርምሩና ሊብሬው ይታረም። ገዢው ቀድሞ ካየው ወይ ዋጋ ይሰብራል፣ ወይ የተሰረቀ ነው ይላል።

ጠያቂ፦ ሰኞ ወንድሜ በአይሱዙ ጭኖ ይወስደዋል። ቦሎ ስለሌለው እየነዳ አይሄድም።