የእህቴ ልጅ ቨርጂኒያ ስትገባ ለትምህርት ቤቷ መሮጥ ትችል ይሆን?

አጎት፣ አራት ኪሎ፦
ውድ የማኅበረሰባችን አባላት፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እኔና ባለቤቴ ያሳደግናት የእህቴ ልጅ በመጪው ክረምት እናቷ ወደምትኖርበት ወደ ሰሜን ቨርጂኒያ ልትሄድ ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይዋ በእናቷ አመልካችነት ተጀምሮ አሁን የኤምባሲ ቃለ መጠይቅ እየተጠባበቀች ነው። ዘንድሮ እዚሁ ሰፈራችን ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት አሥረኛ ክፍልን ትጨርሳለች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሥታ ጃንሜዳ ትሮጥና፣ ላቧ ሳይደርቅ ዩኒፎርሟን ከቱታዋ ላይ ደርባ ወደ ክፍል ትገባለች። እዚያም ለትምህርት ቤቷ ቡድን ለመሮጥ ቆርጣለች።

የሚያስጨንቁኝ ነገሮች ሁለት ናቸው። የተወለደችው በጥር 2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቅጹን የሞላልን ሰው ስምንት ዓመት መደመር ሲገባው ሰባት በመደመሩ በፓስፖርቷ ላይ የትውልድ ዘመኗ በፈረንጆቹ 2009 መሆኑ ቀርቶ 2008 ተብሎ ሰፍሯል። ይህ የአንድ ዓመት ልዩነት ከሩጫው ያስቀራት ይሆን? ሁለተኛው የእናቷ ጥያቄ ነው። የቤት ኪራይ ስለ ጨመረባት ልጅቱ ከትምህርት መልስ ሱቅ ተቀጥራ እንድታግዛት ትፈልጋለች፤ ሩጫው ይቅር ብላኛለች። ምን ብዬ ላስረዳት?

ተመላሽ፣ ካዛንቺስ፦
ወንድሜ፣ በሰሜን ቨርጂኒያ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመታት ሠርቼ የተመለስኩ በመሆኔ የማውቀውን ላካፍልዎ። በዚያ ግዛት የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን የስፖርት ውድድር የሚመራው የቨርጂኒያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሊግ ሲሆን፣ በደንቡ መሠረት ተማሪው በሚወዳደርበት የትምህርት ዘመን እስከ ኦገስት 1 ድረስ 19 ዓመት የሞላው መሆን የለበትም። ልጅዎ አሥራ አንደኛ ክፍል ብትገባ በሁለቱም የልደት ቀን ብትቆጠር ችግር የለባትም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ግን፣ ማለትም ኦገስት 1 ቀን 2027 ላይ፣ በፓስፖርቷ ቁጥር 19 ሞልቷታል፤ በእውነተኛ ዕድሜዋ ግን ገና 18 ናት። ስለዚህ ስሕተቱ ሊወስድባት የሚችለው የመጨረሻውን ዓመት ነው፤ የዩኒቨርሲቲ አሠልጣኞች ሯጮችን አጥብቀው የሚከታተሉት ደግሞ በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ነው።

ሌሎች ደንቦችም አሉ። ተማሪዋ ባለፈው ሴሚስተር ቢያንስ አምስት የትምህርት ዓይነቶችን ያለፈች መሆን አለባት። ዘጠነኛ ክፍል ከገባችበት ጊዜ አንሥቶ ተከታታይ ስምንት ሴሚስተሮች ይቆጠራሉ፤ ክፍል ደግማ ዕድሜ ማራዘም አይቻልም። በሐኪም የተፈረመ የጤና ምርመራ ቅጽም ያስፈልጋታል። ከወላጇ ጋር በትምህርት ቤቱ ክልል ውስጥ መኖሯ ነገሩን ያቀልላታል። በመጸው አገር አቋራጭ፣ በአሜሪካ ክረምት (በታኅሣሥና በጥር አካባቢ) የቤት ውስጥ ትራክ፣ በጸደይ የውጭ ትራክ ይካሄዳል። የአገር አቋራጩ ቡድን ልምምድ የሚጀምረው ክፍል ከመከፈቱ በፊት ስለሆነ፣ ጉዞዋ ሐምሌን ባያልፍ ይመረጣል። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕቷን፣ መሸኛዋንና የክትባት ካርዷን ማኅተም አስደርገው በእጇ ይስጧት።

የስፖርት መምህር፣ ስድስት ኪሎ፦
ከካዛንቺስ የጻፉልን ወዳጃችን ጥሩ አስረድተዋል። እኔ የምጨምረው፣ ይህ ዕድል ለአንድ የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ነው። በአገራችን አትሌት የሚያድገው በባንክ፣ በመከላከያና በመሳሰሉት ክለቦች ውስጥ ነው፤ ትምህርት ቤት ያለው የስፖርት ክፍለ ጊዜና አልፎ አልፎ የሚደረግ የትምህርት ቤቶች ውድድር ብቻ ነው። ልጆቻችን ያላቸው ሜዳ ጃንሜዳ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት አትክልት ተራ ወደዚያ ሲዛወር እሱንም ለወራት አጥተው በየአስፋልቱ ዳር ሲሮጡ በዓይኔ አይቻለሁ። በአሜሪካ ግን በሩ ራሱ ትምህርት ቤቱ ነው። ከኤርትራ ተሰዶ በፈረንጆቹ 1987 ከቤተሰቡ ጋር ሳንዲያጎ የገባው መብራህቶም ክፍለዝጊ በዚያው በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሮጦ ነው በዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ያገኘው፤ በፈረንጆቹ 2004 በአቴንስ ኦሎምፒክ በማራቶን የብር ሜዳሊያ አገኘ፤ በ2014 ደግሞ የቦስተን ማራቶንን አሸነፈ። ስለዚህ እህትዎ ይህን በር በኪራይ ምክንያት እንዳትዘጋው አጥብቀው ይንገሯት።

እናት፣ ፒያሳ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ስለዚያች እናት አንድ ቃል የተናገረላት ሰው አላየሁም። የእኔም ልጅ እዚያው ቨርጂኒያ ናት። ቀን የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፣ ማታ የሆቴል ክፍል ታጸዳለች። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ደውላ የእንግጫውን ወሬ እየጠየቀች ታለቅሳለች፤ ያም ሆኖ ለዓመት በዓል በግ መግዣ ሳትልክልኝ ቀርታ አታውቅም። እኛ እዚህ ተቀምጠን ስለ ሜዳሊያ ስንነጋገር ኪራዩን የሚከፍለው ማን ነው? አሥራ ሰባት ዓመት የሞላት ልጅ እናቷን ብታግዝ ምን ነውር አለው?

የስፖርት መምህር፣ ስድስት ኪሎ፦
እህቴ፣ ሥራ ነውር ነው አላልኩም። ነገር ግን ልምምዱ ከትምህርት መልስ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ የሱቅ ሥራውም የሚገኘው በዚያው ሰዓት ነው። አንዱን የያዘች ሌላውን ታጣለች። ከሱቅ ሥራው ለኪራይ ከምታገኘው ገንዘብ ይልቅ ሩጫውን በመተዋ የምታጣው ይበልጣል።

ተመላሽ፣ ካዛንቺስ፦
በሕግ በኩል ከ16 ዓመት በላይ የሆነች ልጅ መሥራት ትችላለች። ብዙ ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድ እየሠሩ በሥራ ቀናት ይለማመዳሉ። ሆኖም ነፃ የትምህርት ዕድል የሚገኘው በእግር ፍጥነት ብቻ አይደለም። ከፍተኛው የዩኒቨርሲቲ ስፖርት ምድብ 16 ዋና ዋና ኮርሶችን በተወሰነ ውጤት ማጠናቀቅን ይጠይቃል። እንግሊዝኛውን እየተማረች፣ እየሮጠች፣ ማታ እየሠራች ይህን ትወጣዋለች ማለት ልጅቱን መጨቆን ነው።

እናት፣ ፒያሳ፦
እንግዲያውስ ከአራት ኪሎ የጻፉትን ወንድሜን አንድ ነገር ልጠይቅ። እህትዎ ለልጅቱ ማሳደጊያ በየወሩ ገንዘብ ትልክልዎ የለም? ልጅቱ ወደ እናቷ ከሄደች በኋላ ያ ገንዘብ የሚላክበት ምክንያት አይኖርም። ሩጫዋን ከልብ የምትወዱላት ከሆነ፣ ያንን ገንዘብ ለኪራዩ ይተዉላትና ልጅቱ ትሩጥ። ከእናቲቱ ብቻ መሥዋዕትነት መጠየቅ ፍርድ አይደለም።

አጎት፣ አራት ኪሎ፦
እውነት ነው፣ ትልክልናለች። ነገር ግን የሚላከው ለልጅቱ ብቻ ሳይሆን ለእናታችን የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒትም ጭምር ነው፤ መድኃኒቱም ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተወደደ ነው። ቢሆንም የልጅቱ ድርሻ እንዲቀር እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ ለመድኃኒቱ ደግሞ ከወንድሞቼ ጋር ተነጋግረን ማዋጣት ይኖርብናል።

የስፖርት መምህር፣ ስድስት ኪሎ፦
ይህን ለእህትዎ አስቀድመው ይንገሯት፤ ስለ ሩጫው የሚነጋገሩት ከዚያ በኋላ ይሁን።

እናት፣ ፒያሳ፦
ንግግሩ ብቻውን አይበቃም። የመጀመሪያው ወር ገንዘብ ሳይላክ ሲቀር ነው እህትዎ የምታምንዎ።

ተመላሽ፣ ካዛንቺስ፦
ገንዘቡ በቤተሰቡ ይወሰን። ፓስፖርቱ ግን ጊዜ የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም። ቪዛው በተሳሳተው ቀን ከታተመ የመኖሪያ ፈቃድ ካርዷም ያንኑ ቀን ይይዛል፤ ትምህርት ቤት ስትመዘገብም ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር አለመጣጣሙ ችግር ሊያመጣ ይችላል። ከወረዳው የልደት ምስክር ወረቀት አውጥተው በእርሱ መሠረት ፓስፖርቱን ከቃለ መጠይቁ በፊት ያስተካክሉ።

አጎት፣ አራት ኪሎ፦
የልደት ምስክር ወረቀቱ በትክክለኛው ቀን በእጃችን አለ። እናቷ ያስገባችው ማመልከቻ ግን የፓስፖርቱን ቀን የያዘ ነው። ማመልከቻውን ያስገባችው እሷ በመሆኗ እርማቱን መጠየቅ ያለባት እሷ ናት ወይስ ልጅቱ በቃለ መጠይቁ ዕለት ወረቀቱን ይዛ ብትቀርብ ይበቃል? ይህን በራሱ ጉዳይ ያለፈበት አባል ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ።