ጥቆማ፦ ዲሲ ውስጥ ለሮክ ምሽት የት እንሂድ፣ ምን እንያዝ?

የእህቴ ልጅ ጊታር መማር ከጀመረ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው እናቱ ደወለችልኝ። «አንተ እዚያ ጩኸት ቦታ የምትመላለሰው፣ ልጁን አንድ ቀን ውሰደው እስቲ። ግን መጠጥ የሌለበት፣ ብዙ የማያስወጣ፣ በጊዜ የሚያልቅ ይሁን» አለችኝ። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል ብላ የጠበቀች አልመሰለኝም። አለ። እንዲያውም በነጻ ነው። ከእሷ በኋላ ሌሎችም ስለጠየቁኝ የማውቀውን ላስቀምጥ።

የመጀመሪያ ምርጫዬ ፎርት ሬኖ ነው። ቴንሊታውን ሰፈር ያለ ፓርክ ነው። በየበጋው የሰፈር ባንዶች እዚያ ይጫወታሉ፤ ነገሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ አለ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የሚያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ባንዶቹም ክፍያ አይቀበሉም። ትኬት የለም፣ በር የለም፣ ቦርሳ የሚፈትሽ ጠባቂ የለም። መጠጥ፣ ዕፅና የብርጭቆ ጠርሙስ ግን ክልክል ነው። በአበሻ አቆጣጠር ማታ 1 ሰዓት ግድም ይጀመራል። ብዙውን ጊዜ ሦስት ባንድ ይጫወትና ከ4 ሰዓት በፊት ሁሉም ወደ ቤቱ ነው። ለእህቴ ከዚህ በላይ ምን ልበላት?

መድረኩ ትንሽ ነው። መብራት የሚንቦገቦግበት፣ ጭስ የሚረጭበት ነገር አትጠብቁ። አንድ ሁለት ሞንታርቦ፣ ድራም፣ አምፕሊፋየር፣ በቃ። ሕዝቡ ሣሩ ላይ ተዘርግቷል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ውሻ ይዞ የመጣም አለ። ከኋላ ቤተ መንግሥት የሚመስል የውሃ ማማ ቆሟል። መጀመሪያ ሳየው ጎንደር ትዝ አለኝ። ቦታው በተፈጥሮ የዲሲ ከፍተኛው ነጥብ ነው፣ 125 ሜትር ያህል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ምሽግ የነበረውም ለዚህ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ጥቁሮች ሬኖ ሲቲ የሚባል ሰፈር መሥርተው ኖረውበታል። በ1920ዎቹና 30ዎቹ መንግሥት ለፓርክና ለትምህርት ቤት ብሎ አስነሣቸው። ከዚያ ሰፈር የተረፈ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ዛሬም አለ። ልጁን ስወስደው መጀመሪያ ያሳየሁት እሱን ነው። ጊታሩ ይደርሳል።

ለምን ዲሲ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር በዛ ብላችሁ ካሰባችሁ፣ ከተማዋ የኢንዲ ሮክ አንዷ መነሻ ስለሆነች ነው። ኢንዲ ማለት ትልልቅ ኩባንያዎችን ሳይጠጉ በራስ አቅም መቅዳት፣ ማሳተም፣ መዞር ነው። ሙዚቀኞቹ ኢያን ማካይና ጄፍ ኔልሰን ዲስኮርድ የተባለውን የሙዚቃ አሳታሚ እዚህ ሲያቋቁሙ 1980 ነበር፤ ገና ወጣቶች ነበሩ። በኋላ ማካይ ያለበት ፉጋዚ የተባለ ባንድ፣ ዝናው ዓለምን ከዞረ በኋላም፣ መግቢያው አምስት ዶላር አካባቢ እንዲሆን፣ ልጅ ዐዋቂ ሳይባል ሁሉም እንዲገባ ይል ነበር። ፎርት ሬኖም ደጋግመው ተጫውተዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ግን በቀጭን ክር ነው የሚንጠለጠለው። በ2014 የፓርኩ አስተዳደር ለፖሊስ ጥበቃ አዘጋጆቹ ይክፈሉ አለ። ትኬት የማይሸጥ ሰው ከየት አምጥቶ ይከፍላል? የዚያ ዓመት ፕሮግራም ተሰረዘ ተብሎ ነበር። በኮንግረስ የዲሲዋ ተወካይ ኤለነር ሆልምስ ኖርተን ገብተውበት ተፈታ። ስለዚህ ቲሸርት ሲሸጡ ካያችሁ ግዙ።

ሁለተኛው የፖርችፌስት ነገር ነው። ሰዎች በረንዳቸውን ለባንድ ይሰጣሉ፣ እናንተ ከበረንዳ በረንዳ እየዞራችሁ ትሰማላችሁ። ሐሳቡ በ2007 ኢትካ፣ ኒውዮርክ ተጀምሮ አሁን ብዙ ከተማ ገብቷል። እዚህ ዲሲ አዳምስ ሞርጋን ሰፈርም ፔትዎርዝ ሰፈርም አለ። የአዳምስ ሞርጋኑ በጸደይና በመኸር ነው። የሚያስተባብረው የሰፈሩ ነጋዴዎች ድርጅት ስለሆነ ሙሉ በሙሉ የበጎ ፈቃድ አይባልም። ሕዝቡም ብዙ ነው፤ የሕፃን ጋሪ የምትገፉ ከሆነ ትቸገራላችሁ። የእኛ ሰው ግን 18ኛው መንገድን ገና ከድሮ የአበሻ ምግብ ቤቶች ዘመን ጀምሮ ያውቀዋል፤ ሙዚቃው ባይጥማችሁ እንጀራ ሩቅ አይደለም። ፔትዎርዝ ረጋ ያለ ነው። ነዋሪው ራሱ ነው የሚያዘጋጀው። ከሁለቱ ምረጥ ብትሉኝ ፔትዎርዝ እላለሁ፣ ምክንያቱም ባንዱ ካልጣማችሁ ጥግ ታጥፋችሁ ሌላ ታገኛላችሁ፣ ሰውም አይገፋችሁም። ሮክ ብቻ አይደለም፤ ጃዙም ራፑም አንድ መንገድ ላይ ይጠብቃችኋል።

ከዲሲ ጋር በምትዋሰነው ታኮማ ፓርክ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ከ1978 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚዘጋጅ የፎክ (የባህል ዘፈን) ፌስቲቫል አለ። ሮክ ለሚፈልግ አይሆንም። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ግን ከሁሉም ይመረጣል።

«ሮክ የፈረንጅ ጩኸት ነው» የሚሉኝ ዘመዶች አሉ። እነሱን ስለ ጌታቸው መኩሪያ እጠይቃቸዋለሁ። ሽለላን በሳክስፎን የነፋው ሰው፣ በስተርጅናው ዘ ኤክስ ከሚባለው የኔዘርላንድ ፓንክ ባንድ ጋር አልበም ሠርቶ አውሮፓን ዞሯል። ለእሱ ካልበዛበት ለእኛ አይበዛም።

አሁን ወደ ዕቃው። አንድ ነገር ብቻ ግዙ ብትሉኝ የጆሮ መድፈኛ ነው። የአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ናዮሽ በ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት መቆየት ይቻላል ይላል። በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ሞንታርቦ አጠገብ ከቆማችሁ 100 ሩቅ አይደለም። እኔ በወጣትነቴ ይህን ሳላውቅ ቀርቼ፣ ዛሬ ሌሊት ጸጥ ሲል ግራ ጆሮዬ ይጮኻል።

ከፋርማሲ በጥቂት ዶላር የሚገዛው የስፖንጅ መድፈኛ በትክክል ከገባ ከሁሉም በላይ ድምፅ ይቀንሳል። ችግሩ ሙዚቃውን ያደበዝዘዋል፤ ብርድ ልብስ ተከናንቦ እንደመስማት ነው። ለሙዚቃ ተብለው የሚሠሩት ግን ድምፁን አመጣጥነው ነው የሚቀንሱት። ኢቲሞቲክ ኢአር 20 ወደ 20 ዴሲቤል ይቀንሳል፣ ሉፕ ደግሞ ያምራል፣ ወጣቶቹ የሚመርጡት እሱን ነው። ሁለቱም ከ20 እስከ 35 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛሉ። የእኔ ኢቲሞቲክ ነው። ዘንጉ ወጣ ስለሚል በጎን ስትተኙ ይወጋል እንጂ ሌላ እንከን አላየሁበትም። ለትንንሽ ልጆች ግን ጆሮ ውስጥ የሚገባውን ተዉትና ከላይ የሚሸፍነውን ግዙ። ልጅ ቡሹን አውጥቶ ሣር ውስጥ ይጥለዋል።

መቀመጫ ላይ አትርፋለሁ ብዬ ከስሬያለሁ። በኢንተርኔት በርካሽ ያዘዝኩት ታጣፊ ወንበር በሁለተኛው ቀን እግሩ ታጥፎ ከነቡናዬ ጣለኝ። ከኋላዬ የነበሩት ወጣቶች አጨበጨቡ። ከዚያ ወዲህ ከታች ፕላስቲክ፣ ከላይ ጋቢ ነው። ፎርት ሬኖ ማታ ላይ ሣሩ ይረጥባልና ፕላስቲኩን አትርሱ። ወገባችሁን የሚያማችሁ ከሆነ አጭር ወንበር ያዙ፣ ረጅም ከሆነ ከኋላ ያለውን ሰው ትጋርዳላችሁ። ቢምቢም አለ፤ ዲት ያለበት ቅባት ይሠራል፣ ሽታውን ካልወደዳችሁ ፒካሪዲን ያለበትን ፈልጉ።

ምግብ ከቤት። ቆሎ፣ ዳቦ፣ ሻይ በፔርሙስ። ብርጭቆ ስለማይገባ የፕላስቲክ ኩባያ።

መጓጓዣ ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሜትሮው ቀዩ መስመር የፈረስ ጫማ ቅርጽ ስላለው ባቡሩ እስከ መሀል ከተማ ወርዶ እንደገና ወደ ቴንሊታውን ይወጣል። በመኪና በኢስት ዌስት ሀይዌይ አቋርጣችሁ ብትመጡ ብዙ ያጥራል፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ካልሆነ። ፓርኪንጉን ግን ምልክቱን ሁለቴ አንብቡ፤ የነዋሪ ብቻ የሆነ መንገድ ላይ አቁሜ ያገኘሁት ቅጣት የሦስት መድፈኛ ዋጋ ነበር። ለፖርችፌስት መኪና በጭራሽ። አዳምስ ሞርጋን ለመድረስ ውድሊ ፓርክ ወርዳችሁ በዱክ ኤሊንግተን ድልድይ በእግር ተሻገሩ። ፔትዎርዝ የራሱ ጣቢያ አለው።

ቀኑን ከመውጣታችሁ በፊት አዘጋጆቹ ከሚያወጡት ፕሮግራም ላይ እዩ፤ በየዓመቱ ይለዋወጣል፣ ዝናብም ይሰርዘዋል። የእህቴ ልጅ ከዚያ ምሽት በኋላ «እኔም መሥራት እፈልጋለሁ» ብሎኛል። ማንን እንደምናናግር አላወቅንም ነበር። መጨረሻው ባንድ ሲጨርስ የቆሻሻ ከረጢት ይዞ ሣሩ ላይ የሚዞረውን ሰው አናገርን። ሌላ ከረጢት አውጥቶ ሰጠው።