የሞተር የኋላ ከፍታ፦ ማን ጋ ይሠራ? ምን ይገዛ?

ቦክሰር ሞተር ሳይክል የሚነዱ የደሊቨሪ ልጆች ደጋግመው ይጠይቁኛል። «ሳጥኑ ሲሞላ ከኋላ ቁጭ ይልብኛል። ሾክ ልቀይር ወይስ ላስረዝመው?» ብር ከማውጣታችሁ በፊት ያለውን አስተካክሉ እላለሁ።

ሁለቱም የኋላ ሾኮች (የመንገዱን ንዝረት የሚውጡት ባለ ሞላ ክፍሎች) ሞላው ጫፍ ላይ ደረጃ ደረጃ ያለው ቀለበት አላቸው። ቀለበቱ ወደ ላይኛው ደረጃ ሲዞር ሞላው ይጨመቃል፤ ሞተሩም ከኋላ ይነሳል። ግራና ቀኙ እኩል ደረጃ ላይ ይሁኑ። ለዚህ የሰፈር መካኒክ ይበቃል።

ግን ሜትር የሚያወጣ መካኒክ ምረጡ! በእጁ ጫን ጫን አድርጎ «ተስተካክሏል» የሚላችሁን እለፉት። ጎበዙ መጀመሪያ የኋላ ጎማውን ከመሬት ያነሳል። ከጎማው መሐል እስከ ወንበሩ ሥር ይለካል። ከዚያ እናንተን ከነጭነታችሁ አስቀምጦ እንደገና ይለካል። ለከተማ ሞተር ልዩነቱ 3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ቀለበቱ መጨረሻ ደረጃ ደርሶም ከዚያ በጣም የሚወርድ ከሆነ ሞላው ደክሟል፣ ወይም ጭነቱ በዝቶበታል። ቀለበት ማዞር ከፍታውን እንጂ የሞላውን ጥንካሬ አይለውጥም።

ያኔ ሾክ ግዙ። መርካቶም ሶማሌ ተራም ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ያለው ርዝመትና የቀዳዳው ስፋት አንድ መሆን አለበት። እኔ ኦርጅናሉን ነው የምመርጠው፤ ቀኑን ሙሉ ጭነት ላይ ለሚውል ሰው ዋጋውን ያወጣል። ርካሹን ከገዛችሁም ጥንድ አድርጋችሁ ግዙ። ያገለገለ ከሆነ ዘንጉን በጣታችሁ ዳሱት። ዘይት ከነካችሁ ተዉት።

ብረት በይዶ ሾክ ማስረዘምን ግን አልመክርም፣ በፍጹም። ብየዳው ሲለቅ ነጂው መንገድ ላይ ነው። ሳይለቅ እንኳ ኋላው ከልክ በላይ ሲነሳ መሪው ይቀልና ይቅበጠበጣል፣ የጎን መቆሚያው አጥሮ ሞተሩ በጣም ያጋድላል።

አጭር ሆናችሁ እግራችሁ መሬት አልደርስ ካለ ሾኩን አትንኩ። የወንበር ልብስ የሚሠሩ ሰዎች ስፖንጁን ቀንሰው ይሰፉላችኋል። ከሁሉም የምወደው መፍትሔ ይሄ ነው።

አንድ ሾክ ብቻ ያለው ሞተር ካላችሁ ለለመደው ጋራዥ ስጡ። ትንሿ ለውጥ እዚያ ትበዛለች፤ ሾኩ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ብትጨምሩ ጎማው ጋ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ይሆናል።

የትም አሠሩት፣ ከመውጣታችሁ በፊት ካቴናው እንደገና ይታይ፤ ከፍታ ሲቀየር ልልነቱም ይቀየራል። የፊት መብራቱም እንደዚያው፤ ኋላው ሲነሳ ወደ መሬት ያቀረቅራል።