ሮዝ ደረቱ ኮካቱ ወገኑ የትኛው ነው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። በአውስትራሊያ በብዛት የሚታየውን፣ ጀርባው ግራጫ ደረቱ ሮዝ የሆነውን ኮካቱ (ባለ ቁንጮ የበቀቀን ዓይነት) ለአመዳደብ ትምህርት ምሳሌ ላደርገው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የቆየው መጽሐፌ ካካቱዋ ሮዜይካፒላ ሲለው አዲሱ ኢዮሎፈስ ሮዜይካፒላ ይለዋል። ሰሌዳ ላይ የትኛውን ልጻፍ? ተማሪዎቼም ባሕር ዳር ሾላ ላይ የሚያዩት አረንጓዴ በቀቀን ዘመዱ እንደሆነ ጠይቀውኛል።

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
መምህር፣ ኢዮሎፈስ ብለው ይጻፉ። ስሙ እንደሚመስለው አዲስ አይደለም፤ ዝርያውን የወፍ ተመራማሪው ቪዬዮ እ.ኤ.አ. በ1817 ከገለጸው በኋላ ሌላው የወፍ ተመራማሪ ቦናፓርት በ1854 ያወጣለት የወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን የሚያቅፍ ምድብ) ስም ነው፤ ትርጉሙም በግሪክኛ «የንጋት ቁንጮ» ማለት ነው። በኋላ ግን ብዙ ሊቃውንት ከነጮቹ ኮካቱዎች ጋር በካካቱዋ ወገን ደባልቀውት ቆዩ፤ የዘረ መል ጥናት ለብቻው የቆመ ሐረግ መሆኑን ሲያሳይ የቀድሞው ስም ተመለሰለት።

ተማሪዎችዎ ሾላ ላይ የሚያዩት አረንጓዴው፣ የእኛው ጥቁር ክንፍ በቀቀን፣ ከኮካቱ ጋር በክፍለ መደብ (በሰፊው ምድብ) ይገናኛል፤ በአስተኔ (ከዚያ በሚጠበው፣ ወገኖችን በሚያቅፈው ምድብ) ግን ይለያያሉ። ለተማሪዎችዎ ላባውን ያሳዩአቸው፤ አረንጓዴው የሚገኘው ከቢጫ ቀለምና ሰማያዊ ብርሃንን ከሚበትን ጥቃቅን የላባ አሠራር ሲሆን፣ ኮካቱዎች ይህ አሠራር ስለሌላቸው ከመካከላቸው አረንጓዴም ሰማያዊም የለም። በዚያ ላይ እንደ ስሜታቸው የሚያቆሙትና የሚያስተኙት ቁንጮ አላቸው፤ የእኛው ይህ የለውም።

ሌላ መልስ፣ ከቡሬ፦
አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ይህ ወፍ ከነጩ ባለ ቢጫ ቁንጮ ኮካቱ ጋር ተዳቅሎ እንደሚወልድ አንብቤአለሁ። ፈረስና አህያ በቅሎ የሚወልዱት በአንድ ወገን ውስጥ ስለሆኑ አይደለምን?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ መዳቀላቸውም እውነት ነው። ሆኖም መዳቀል የቅርብ ዝምድናን ቢጠቁምም የወገን ወሰን አይሆንም፤ በወፎች ዘንድ የተለያየ ወገን ያላቸው ሲዳቀሉ ይታያልና። ወገንን የሚወስነው የትኛው ሐረግ ከማን ጋር የጋራ አያት እንዳለው ነው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንግዲያስ ሁለቱንም ስሞች ጽፌ አንዱን እሰርዛለሁ፤ ሲታረም ማየታቸው ይጠቅማቸዋል። የማሳያቸው ሥዕል ላይ ግን ወንዱን ከሴቷ በምን እለያለሁ?

መልስ፣ ከባሕር ዳር፦
ዓይናቸውን ይመልከቱ። የጎለመሰው ወንድ ዓይኑ ጥቁር ቡናማ፣ የሴቷ ወደ ቀይ ያደላ ነው። በእኛው በቀቀን ግንባሩ ቀይ የሆነው ወንዱ ስለሆነ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው መልካም ነው።