ለጠባብ የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ነጭ እብነ በረድና ጠቆር ያለ አረንጓዴ ካቢኔት ይስማማሉ?

የልደታ ነዋሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ልደታ በሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። ለሦስት ዓመት ስንቆጥብ ቆይተን ዘንድሮ ወጥ ቤታችንን እንደ አዲስ ልናሠራ ወስነናል። ክፍሉ 1.80 በ2.70 ሜትር ሲሆን ያለው አንድ መስኮት ወደ ሰሜን ይመለከታል። የእኔ ምኞት በማዘጋጃው ጠረጴዛ ላይ ነጭ እብነ በረድ ማስነጠፍ፣ የላዩንም የታቹንም ካቢኔት በማያብረቀርቅ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ማሠራት፣ ግድግዳውን ደግሞ በነጭ ሴራሚክ ማስለበስ ነው። ባለቤቴ ግን እብነ በረዱ ዓመት ሳይሞላው እንደሚበላሽ፣ ክፍሉም እንደሚጨልም ይናገራል። በቤታችን በየሦስት ቀኑ እንጀራ ይጋገራል፤ ወጥም በየቀኑ ይሠራል። ስለዚህ ምክራችሁ ይህን አበሳሰላችንን ያገናዘበ እንዲሆን እለምናለሁ።

የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ፣ ካዛንቺስ፦

እህቴ፣ ስለ ቁሳቁስ ሲጠይቁ ስለሚያበስሉት ነገር አብረው መናገርዎ ሥራችንን ግማሽ ያቀለዋል።

ስለ እብነ በረዱ ባለቤትዎ የተናገሩት እውነት አለው። እብነ በረድ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ አሲድ ሲነካው ገጹ ይበላል። እንዲህ የሚያደርጉት ሎሚ፣ ኮምጣጤና ቲማቲም ብቻ አይደሉም፤ የኮመጠጠ የጤፍ ሊጥና እርሾውም አሲድነት አላቸው። ሊጥ የነካው ጭልፋ ለጥቂት ደቂቃ ቢጋደምበት ወዙ የጠፋ፣ የደበዘዘ ምልክት ሊተው ይችላል። ይህ በሳሙና የሚለቅ እድፍ አይደለም፤ ድንጋዩ ራሱ ስለተበላ እንደገና ካልተወለወለ በስተቀር አይመለስም። በላዩ የሚቀባው የድንጋይ ማሸጊያ ዘይትና ቀለም ወደ ውስጥ እንዳይሰርጉ ያግዛል እንጂ አሲድን አይከላከልም። በጥንካሬም ቢሆን ሞስ በሚባለው የማዕድናት መለኪያ እብነ በረድ 3 አካባቢ ሲሆን ግራናይት ከ6 እስከ 7 ይደርሳል፤ የቢላዋ ብረት በሁለቱ መካከል ስለሚውል አንዱን ይጭራል፣ ሌላውን ግን በቀላሉ አይጭርም። ከቤንሻንጉል የሚመጣውን የአገራችንን እብነ በረድ እኔም ከልቤ እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ቦታው የሳሎን ወለል ወይም የመስኮት ደፍ ቢሆን እመርጣለሁ።

አሁን ብዙ ሰው የሚያነሣው ኳርትዝ የተፈጨ የኳርትዝ ድንጋይ በሬዚን ተጣብቆ የሚሠራ ነው። እድፍን በደንብ ይችላል፣ ሬዚኑ ግን ኃይለኛ ሙቀት አይወድም፤ ከምድጃ የወረደ ብረት ድስት በቀጥታ ከተቀመጠበት ሊቃጠልና መልኩ ሊለወጥ ይችላል። ወጥ በየቀኑ በሚሠራበት ቤት ይህ መቼም የማይቀር አጋጣሚ ስለሆነ ለእርስዎ የምመርጠው ፈካ ያለ ግራጫ ግራናይት ነው። በጣም ጥቁሩንና የሚያብረቀርቀውን አይውሰዱ፤ የጤፍ ዱቄትም የውሃ ጠብታም ወዲያው ይታይበታል።

ስለ ብርሃኑ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት ግን በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ፀሐይ የሚያገኝባቸው ወራት በከፊል ደመና የሚበዛባቸው የክረምት ወራት ናቸው፤ በበጋ ደግሞ ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ቀጥተኛ ጨረር አይገባበትም። በእንዲህ ያለ ክፍል ከላይም ከታችም ጠቆር ያለ አረንጓዴ ከሆነ ወጥ ቤቱ ቀኑን ሙሉ መብራት ይፈልጋል። አረንጓዴውን በታችኛው ካቢኔት ብቻ ይወስኑት፤ የላይኛው ወደ ወተት መልክ የሚያደላ ነጭ ይሁን። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ግን በሰሜን ብርሃን ቀዝቃዛና የደከመ መስሎ ይታያል።

እናት ከአራት ኪሎ፦

ልጄ፣ አንቺ እያልኩ ብጽፍልሽ ቅር አይበልሽ። ሁሉም ስለ ድንጋይ ሲያወራ ምጣዱ ተረሳ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፋቱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የካቢኔቱ ጠረጴዛም ጥልቀት ብዙ ጊዜ እንዲሁ 60 ስለሆነ ምጣዱ ከነመያዣው ተርፎ ይወጣል። አክንባሎው በተነሣ ቁጥር የሚወጣው እንፋሎትም በቀጥታ የላይኛውን ካቢኔት ሆድ ይመታል። እኔ ይህን ሳላስብ ምጣዴን ከካቢኔት ሥር አስቀምጬ በሁለተኛው ክረምት የካቢኔቱ ታችኛው ገጽ አብጦ ልጣጩ ተነሣ። ለምጣዱ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከላዩ ምንም የሌለበት ራሱን የቻለ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አሠሪለት። ከ3,500 ዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ስለሆነም ለብቻው ወፍራም መስመር እንዲዘረጋለት ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ንገሪው፤ ከተለጠፈ በኋላ ግድግዳ መፈልፈል ልብ ይሰብራል።

ነጭ ሴራሚክ መልካም ነው፤ የሚያስቸግረው በሴራሚኮቹ መካከል የሚሞላው ነጭ ሲሚንቶ ነው። አልጫ የሚሠራበት ቤት እርዱ እዚያ ገብቶ ይቀራል። ግራጫ ይሞላልሽ፤ ሴራሚኩም ትልልቅ ቢሆን መገጣጠሚያው ያንሳል። ከምድጃው ጀርባ እስከ ጣሪያ ድረስ ይለጠፍ፤ ቀሪው ግድግዳና ጣሪያው ተራ ፕላስቲክ ቀለም ሳይሆን በጨርቅ የሚታጠብ ቀለም ይቀባ፤ የቁሌት ዘይት ከእንፋሎት ጋር ወጥቶ እዚያ ነው የሚያርፈው።

አናጢ፦

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ እኔ የምጨምረው ስለ ካቢኔቱ ውስጥ ነው። ደንበኛ ቀለሙን እንጂ ሆዱን አያይም። ከእንጨት ፍርፋሪ የሚጨመቀው ቺፑድም ሆነ ከእንጨት ብናኝ የሚጨመቀው ኤምዲኤፍ ውሃ ከጠጣ አብጦ ወደ ቀድሞው አይመለስም፤ ውሃውም የሚገባው በተቆረጠው ጠርዝ በኩል ነው። ስለዚህ ጠርዙ ሁሉ፣ ዓይን የማያየው ጭምር፣ በማሽን መታሸጉን ይመልከቱ። ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ያለው ክፍል ብቻ እንኳ ውሃ በሚቋቋም ኮምፖልሳቶ ቢሠራ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው፤ ጥቅሙ ግን ዓመታት ያስቆጥራል። ካቢኔቱ ወለሉ ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ የፕላስቲክ እግር ይደረግለትና ከፊቱ የሚነቀል መሸፈኛ ይግባለት። ገንዘብ ካነሰ ከቀለሙ ይቀነስ እንጂ ከማጠፊያውና ከመሳቢያው ሐዲድ አይቀነስ።

የልደታ ነዋሪ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴም አንብቦት በጣም ተደስቷል። እብነ በረዱን ትቼ ግራናይት ላስነጥፍ፣ አረንጓዴውንም ከታች ብቻ ላደርግ ወስኛለሁ፤ ለምጣዱም የመስኮቱን ጥግ ለቀቅሁ። የቀረኝ ማስዋቡ ነው። ከእናቴ ያገኘኋቸው ሁለት የስፌት ሙዳዮችና አንድ ሰፌድ አሉኝ፤ ግድግዳ ላይ ብሰቅላቸው ይበላሹ ይሆን?

የውስጥ ዲዛይን ባለሙያ፣ ካዛንቺስ፦

እነርሱን ባይሰቅሉ ነበር የማዝነው። ሙዳዮቹንና ሰፌዱን ግን ከምድጃውና ከምጣዱ ራቅ አድርገው፣ በበሩ በኩል ባለው ደረቅ ግድግዳ ላይ ይስቀሏቸው፤ ስንደዶና አክርማ እንፋሎት ሲበዛባቸው ይሻግታሉ። ከሥራቸው አንድ ቀጭን የዋንዛ መደርደሪያ ይግባ፤ ጀበናውና ስኒዎቹ እዚያ ይቀመጡ። ቡናማው እንጨትና የጀበናው ጥቁር ሸክላ ከአረንጓዴው ጋር በጣም ይስማማሉ፤ ስለዚህ ሌላ ጌጥ አይጨምሩበት፣ ክፍሉ ጠባብ ነው። በርበሬና እርድ በመስታወት ዕቃ ደርድሮ ለዕይታ ማስቀመጥ ያምራል፤ ሆኖም ብርሃን ቀለማቸውን ስለሚያጠፋው ለዕይታ የሚሆነው ምስርና ሽምብራ ነው፤ ቅመሙ ካቢኔት ውስጥ ይግባ።

ከላይኛው ካቢኔት ሥር የኤልኢዲ መብራት ያስገቡ፤ በማሸጊያው ላይ የሚጻፈው የብርሃን ቀለም መለኪያ ከ3,000 እስከ 4,000 ኬልቪን ቢሆን፣ ቀለምን በትክክል የሚያሳይ ዓይነትም ቢመርጡ ሽንኩርቱ መቅላቱን ከማረሩ ለይተው ያዩበታል። አረንጓዴውን ደግሞ ከካታሎግ አይምረጡ። አናጢው በአንድ ቁራጭ ሰሌዳ ላይ ቀብቶ ይስጥዎት፤ ካቢኔቱ በሚቆምበት ቦታ አስደግፈው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት አብርተው ይዩት፤ በሦስቱም ሰዓት ከወደዱት ሥራውን ያስጀምሩ።