ለስልጠናው የጋራ ሐሳብ፦ የኢዲስከቨሪ ፈታሽ ሕጉን ምን ያህል ይወቅ?

አስተባባሪ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሰላም ለሁላችሁ። የሶፍትዌር ፈታሾች (ቴስተሮች) የስልጠና ዕቅዳችን እስከ እሁድ መግባት አለበት። ኢዲስከቨሪ ለአዲሶች፦ አሜሪካ ውስጥ ተከሳሽና ከሳሽ ኢሜይላቸውን፣ ቻታቸውንና ፋይላቸውን አጣርተው የሚሰጣጡበት ሂደት ነው። እኛ የምንፈትሸው ይህን የሚሠራውን ሶፍትዌር ነው። ረቂቁ "የ3 ቀን የአውቶሜሽን ኮርስ" ይላል፣ ፍተሻውን በኮድ ማስኬድ ማለት ነው። በሉ፣ ቀዳዱት።

ነባር ፈታሽ
እኔ ልጀምር። አንድ ቦታ የማጥቆሪያ መሣሪያ እንድፈትሽ ተሰጠኝ። ጠበቃው እንዳይታይ የሚፈልገው መስመር ላይ ጥቁር ሣጥን ይጭናል። ሣጥኑ ቦታውን ያዘ፣ ፒዲኤፉም ጥቁር ሆኖ ወጣ። ቴስት ኬዙ (የፍተሻ ዝርዝሩ) በሙሉ አረንጓዴ። አልፏል ብዬ ፈረምኩ። ከዚያ አንዲት ፓራሊጋል (የጠበቃ ረዳት) ከምስሉ ጋር አብሮ የሚወጣውን የቴክስት ፋይል ከፈተች። የተሸፈነው ዓረፍተ ነገር ከነአራት ነጥቡ ቁጭ ብሏል! ፋይሉ እንዳለ አውቃለሁ። ተቀባዩ ወገን ቃል የሚፈልገው በሱ ላይ እንደሆነ ግን ማን ነግሮኝ? ሪኳየርመንቱም (ሶፍትዌሩ ምን መሥራት እንዳለበት የሚዘረዝረው ሰነድ) ስለሱ ትንፍሽ አላለም።

ጠበቃዋ
ወንድሜ፣ ከቢሮ ሳይወጣ መያዙ ዕድል ነው። በስህተት ለወጣ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር የፌዴራል ማስረጃ ደንብ 502 ከ2008 ጀምሮ መከላከያ ይሰጣል። ግን ፍርድ ቤቱ አስቀድሞ ትእዛዝ ካልሰጠ "ተገቢ ጥንቃቄ አድርጋችሁ ነበር ወይ?" መባሉ አይቀርም። ሰነዱ ቢመለስስ፣ ያነበበውን ከጭንቅላቱ ማን ያወጣዋል?

ጀማሪ
ታዲያ ሕግ ትምህርት ቤት ልንገባ ነው እንዴ? እኔ ማታ ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ቀን ኮርስ ነኝ። ራሴን የማክበት ጊዜ የለኝም።

ጠበቃዋ
አይዞሽ እህቴ፣ አንቀጽ አታሸመድጂም። እኛ ሰነድ እንዴት እንደምናይ ብቻ እዪ። ኢሜይሉን ወላጅ፣ አታችመንቱን ልጅ እንላለን፤ አንድ ላይ ቤተሰብ ናቸው። ልጁ ምስጢር ሆኖ ወላጁ የሚሰጥ ቢሆንስ? በልጁ ቦታ "ተይዟል" የሚል ገጽ ይገባል፣ የገጽ ቁጥሩም ሳይዘል ይቀጥላል። ሶፍትዌሩ ይህን ሁሉ አድርጎ የፋይሉን ስም ሳይሸፍን ይተወዋል። ስሙ ደግሞ "ስለ ካሳው የጠበቃችን ምክር" ከሆነ ጉድ ፈላ።

የዳታ ሰው
መለማመጃውስ? ሁሉም የሚሮጠው በ2003 ይፋ ወደ ተደረጉት፣ የከሰረው የአሜሪካ ኢነርጂ ኩባንያ የኤንሮን ኢሜይሎች ነው። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ የ150 ያህል ሠራተኞች። ጥሩ ናቸው፣ ግን አርጅተዋል። የዛሬ ጠበቃ የሚጨነቅበት የስልክ ቻት፣ ኢሞጂ፣ አታችመንት ሳይሆን ሊንክ ሆኖ የተላከ ፋይል እዚያ የለም። 200 ሰነድ ራሳችን እንፍጠርና ወጥመድ (ሆን ብለን የደበቅነው ስህተት) እንቅበርበት።

አማርኛም ይግባበት። "ሥራ" ብሎ የፈለገ "ስራ" ያመልጠዋል። "ፀሐይ" ስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቁታላችሁ። "ነገ 3 ሰዓት እንገናኝ" የሚል ቻት ደግሞ ጠዋት ነው፤ እንግሊዝኛ ተርጓሚው 3 ብሎ ካለፈው የጊዜ ሰሌዳው በ6 ሰዓት ተዛባ ማለት ነው። እዚህ ላይ እኮ ባለሙያዎቹ እኛው ነን።

ነባር ፈታሽ
አማርኛው ደስ ይላል፣ ግን ኮርሱን እንዳይውጠው። 20 ሰነድ ይበቃዋል። አውቶሜሽኑም አይጥፋ፣ ቀጣሪ የሚጠይቀው እሱን ነው።

አስተባባሪ
እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ ቀየርኩት። አንደኛው ቀን ከጠበቃና ከፓራሊጋል ጋር፣ ኮምፒውተር ሳይከፈት፣ አንድ ቤተሰብ ሰነድ ወረቀት ላይ እየተገላበጠ። ሁለተኛው ቀን ወጥመዱን ራሳችን እንቀብራለን፣ ቡድን ተለዋውጦ ያወጣል። አውቶሜሽን ሦስተኛው ቀን ላይ ብቻ፣ የተገኘውን ባግ (የሶፍትዌር ስህተት) ይዘን። ከ200ው 20 አማርኛ። የፓራሊጋሏ አበል አልተወሰነም።

ጠበቃዋ
እኔ በነጻ እመጣለሁ። ቅዳሜ ልጆቹ ከአማርኛ ትምህርት ከወጡ በኋላ ከሆነ ብቻ።

ጀማሪ
ወረቀቱን እኔ አትማለሁ። ቅዳሜ ማታ ግን ሺፍት አለኝ፣ ከ11 ሰዓት በፊት እንጨርስ። በሐበሻ ነው ያልኩት!